ሾፌር የሌላት መንኮራኩርና የእትዬ እናኑ ምስር

ጨፌ ዶንሳ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሩሐማ፤

አሮጌውን ዓመት ሸኝቶ አዲሱን ያሳየን አምላክ ይመስገን። አንቺም፣ ባልሽ ቴዲም፣ ልጃችሁ ሶሲም በጤና ሳላችሁ ይህ ወረቀት ይድረስባችሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ለይቶለታል። ባለፈው ስትደውዪ የሰማሁት ነፋስ ብቻ ነው፤ አንቺ ስታወሪ እኔ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ምን እንደተስማማሁ እንኳ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ድሮው እንጻጻፍ። ዕድሜዋን ሙሉ ጽሕፈት ስታስተምር የኖረች ሴት ደብዳቤ አይከብዳትም።

የጠየቅሽውን ምስር ልኬያለሁ። ለፈቃዱ አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ። ብዝሀ ሕይወት መሥሪያ ቤት ያለችው ልጅ "እማማ፣ ምስሩ የሚሄደው ወዴት ነው?" አለችኝ። "ወደ ሰማይ" አልኳት። ሳቀች። ወረቀቱን ስታነበው ግን ሳቋን ትታ ማኅተሙን ፈለገች።

ይህ ምስር ደቃቄ የምንለው ነው፤ አያትሽ ይዘሩት የነበረው። ዛሬ በሰፈራችን ከእኔ በቀር የሚዘራው የለም። ጎረቤቴ አሰፋ በአጥር ላይ ብቅ እያለ "እትዬ፣ አዲሱ ዘር እጥፍ ይሰጣል፤ ይህችን ዶሮ የማታጠግብ ነገር ምን አደረጓት?" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ምርቷ ትንሽ ነው። ነገር ግን እንግዳ ተቀምጦ ሰላምታውን ሳይጨርስ የምትበስል ምስር እሱ ቤት የለችም። ለአንቺ ሁለት እፍኝ ሰጥቼ የቀረውን በነሐሴ ዘርቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልግሻል ብሎኛል። እዚያ ደህናው ይገኛል ይላሉ፤ ሲመችሽ ጠይቂልኝ።

ደግሞ ያቺ ጭነት የምታደርስ መንኮራኩር ሾፌር የላትም ያልሽው የምርሽን ነው? እዚህ ሾፌር እያለውም መኪና ገደል ይገባል።

አክስትሽ እናኑ

*

ሲያትል፣ ስካይዌይ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ እናኑ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ አዝመራውስ? እኛ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነን። ቴዲ አሁንም ኤርፖርት ነው የሚሠራው። ሶሲ ቁመቷ እኔን አልፏል፤ በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ "ዋት?" ትለኛለች፣ ከዚያ ትመጣለች።

ምስሩ በሰላም ደርሷል። የእኛ ላብ፣ ቤተ ሙከራችን ማለቴ ነው፣ ቱክዊላ፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ በመጋዘኖች መሀል ነው። ከውጭ ቢያዩት የጎማ ማደሻ ይመስላል። የምንሠራው በጠፈር ጣቢያ ውስጥ ተክል የሚበቅልበት ሳጥን ነው፤ ጫማ ከነካርቶኑ የሚያህል፣ የራሱ መብራትና ውኃ ያለው።

ሾፌር ስለሌላት መንኮራኩር የጠየቁኝን ልመልስ። የምሬን ነው፣ አንድም ሰው አይሳፈርባትም። ጣቢያው ላይ ያሉት ሰዎች ለወራት እዚያው ይኖራሉ፤ እንደሚያውቁት እዚያ ጉሊት የለም። ምግባቸው፣ ውኃቸው፣ ልብሳቸው፣ መድኃኒታቸው ሁሉ በእሷ ይሄዳል። ሮኬት ያወጣታል፣ ከዚያ በኮምፒውተርና ከመሬት በሚላክ ትእዛዝ መንገዷን ትይዛለች። ስትደርስ ሰዎቹ በረጅም የብረት ክንድ ይይዟትና ከጣቢያው ጋር ያያይዟታል። ዕቃውን ያራግፋሉ፣ በምትኩ ቆሻሻቸውን ይሞሉባታል። ስትመለስ አየር ውስጥ ተቃጥላ ታልቃለች። እንዲህ ተብሎ ነው የምትሠራው። ቴዲ ሲሰማ "የአንድ ቀን አህያ" አላት።

አለቃችን ሚስ ትራን ትባላለች፣ የቬትናም ሰው ናት። ለሳጥኑ ቁመቱ ከስንዝር የማያልፍ፣ ቶሎ የሚደርስ ተክል ስንፈልግ ነው የከረምነው። የሞከርነው ሁሉ ክዳኑን ይገፋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ የእርስዎ ምስር ትዝ አለኝ፤ ለማጨድ ወገብ የምታጎብጠው። አሁን ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ፍሬ አብቅለን አይተናታል። ሚስ ትራን ማስመሪያ ይዛ ለካቻትና "ይቺ ናት" አለች። እሷ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስለዚህ ምስሩን ለሁለት ከፍለነዋል። ግማሹ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በጥር ይወጣል። ግማሹ እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ እነሱ እዚያ ላይ ሲዘሩ እኛም በዚያው ቀን እዚህ እንዘራና ሰማዩ ምን እንደለወጠ እናወዳድራለን።

የጆሮ መሣሪያውን እየጠየቅሁ ነው። የሐኪሙን ምርመራ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሩሐማ

*

ጨፌ ዶንሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩሐማ፤

የልደቱን በዓል በደስታ ያድርስሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስንቅ አድርሶ ቆሻሻ ተሸክሞ መቃጠል የሚገርም ሥራ ነው። ለአሰፋ ብነግረው አላመነኝም።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። አዝመራው እንደ ፈቃዱ ነው። በኅዳር መጨረሻ ዝናብ ጣል ጣል አድርጎ ነበር።

ያ በፍሪጅ ያስቀመጣችሁት ምስር ደህና ነው? መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ሁሉንም ትዘሩታላችሁ ወይስ የሚተርፍ አለ? ይህን ጻፊልኝ። ለመሣሪያው አትቸኩዪ።

አክስትሽ እናኑ

*

ሲያትል፣ ስካይዌይ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እናኑ፤

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። ጤናዎን እንደሚጠብቁ ተስፋ አለኝ።

መንኮራኩሯ ወጣች! እኛ ላብ ውስጥ በትልቁ ስክሪን እያየን ነበር። ሚስ ትራን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆማ ነበር። ሮኬቱ ከመሬት ሲለቅ ግን ክንዴን ይዛ ስለጨመቀችኝ ምልክቱ ቆየ። ማታውኑ ኦቴሎ ሰፈር ያለው የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ለቆመው ሰው ሁሉ ነገርኩ። "የአክስቴ ምስር ሰማይ ወጣች!" ስል ባለ ሱቋ "ኪሎው ስንት ሊገባ ነው?" አለችኝ፤ ሳቅን።

አሁን ምድርን እየዞረች ነው።

ሥራ ስለበዛብኝ ይህን ያህል ይብቃኝ። ሶሲ ትስምዎታለች።

ልጅዎ ሩሐማ

*

ጨፌ ዶንሳ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩሐማ፤

የያዝነው ጾም የበረከት ይሁንልሽ። እንኳን ደስ ያለሽ! ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄጄ ለርዕሰ መምህሩ ነግሬው በሰልፍ ላይ እንድናገር አደረገኝ። ከእኛ ማሳ የወጣች ምስር ከምድር በላይ እንደምትዞር ስነግራቸው ልጆቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ አስተማሪዎቹም አዩ። አሁን በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር "እትዬ፣ በቀለች?" ይሉኛል። አፋቸውን አይቼ ነው የምረዳቸው። በቅላለች? ሰዎቹ መንኮራኩሯን በክንዱ ያዟት? አልጻፍሽልኝም።

ስለ ፍሪጁ ምስርም አልመለስሽልኝም። ደግሜ እጠይቅሻለሁ። የጆሮውን መሣሪያ ተዪው፤ ለእኔ ምንም አትግዢልኝ። በእሱ ፈንታ ፍሪጅ ካለው ምስር የቻልሽውን ያህል መልሺልኝ። ከሐምሌ በፊት ቢደርሰኝ ነው የሚጠቅመኝ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።

አክስትሽ እናኑ

*

ሲያትል፣ ስካይዌይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እናኑ፤

ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ላቡ ውስጥ ሚቲንግ በሚቲንግ ሆነን ከረምን። የፍሪጁ ምስር ደህና ነው፤ ነገር ግን የፕሮጀክቱ ስለሆነ እኔ ብድግ ብዬ ልልከው አልችልም። የመስሚያው ነገር ግን አይቀርም፤ ገዝቼዋለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልክልዎታለሁ።

ስለ መንኮራኩሯ ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ሩሐማ

*

ሲያትል፣ ስካይዌይ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እናኑ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ባለፈው የጻፍኩልዎት ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም። ዛሬ ለዳግማይ ትንሣኤ ቁጭ ብለን ሳለ ቴዲ "ለአክስትሽ ነገርሻቸው?" አለኝ።

"በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው" አልኩት።

"ጥር ላይ ጥቂት ቀን ይለፍ ብለሽ ነበር። ከዚያ ጾሙ ይለፍ አልሽ።"

"ያዝናሉ።"

"አክስትሽ ጆሯቸው ነው የደነቆረው፣ ልባቸው አይደለም" አለኝ።

ስለዚህ ልንገርዎት። መንኮራኩሯ ጣቢያው አልደረሰችም። ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡላት ሁለት ክንፎች አሏት፤ እንደ ጃንጥላ ታጥፈው ነው የሚወጡት። አንዱ ተዘረጋ፣ አንዱ አልተዘረጋም። በግማሽ ኃይል ወደ ጣቢያው መጠጋት አደገኛ ነው፤ ብትስት ሰዎቹ ያሉበትን ቤት ትመታለች። ሾፌር ቢኖራት ምናልባት ወርዶ ይነቀንቀው ነበር፤ የላትም። መሐንዲሶቹ ከመሬት ትእዛዝ እየላኩ ቢሞክሩ ቢሞክሩ እምቢ አለች። ብዙ ቀን ዞራ በመጨረሻ ሰው በሌለበት ውቅያኖስ ላይ እንድትወርድ አደረጓት። ከነጭነቷ ተቃጠለች። የእርስዎ ምስር ውስጧ ነበር።

በጥር "እየዞረች ነው" ብዬ የጻፍኩልዎ ዕለት ክንፉ አለመዘርጋቱን አውቅ ነበር። ነገ ይዘረጋ ይሆናል ብዬ ነው የዘለልኩት። ከዚያ እርስዎ በሰልፍ ላይ መናገርዎን ጻፉልኝ። ያንን ደብዳቤ ላብ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቆየሁ።

እንደዚያ የለፉበትን ዘር ለምኜ ወስጄ አስጠፋሁብዎ።

ሩሐማ

*

ጨፌ ዶንሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩሐማ፤

ክርስቶስ ተንሥአ። የሚያዝያ 6 ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። "የፕሮጀክቱ ስለሆነ" የምትለው ቃል አስከፍታኛለች። ግን ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ምክንያቴን ሳልነግርሽ ነው የጠየቅሁሽ። አሁን እነግርሻለሁ።

በኅዳር ምስሩን አሳጭጄ አውድማ ላይ ከምሬው ነበር። ሊወቃ ሲል ዝናብ መጣ። ጣል ጣል አደረገ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው፤ ያለወቅቱ መጥቶ ሳምንት ሙሉ አላባራም። አሰፋ ሮጦ ላስቲክ አምጥቶ አለበሰልኝ። ደግ አስቦ ነው። ላስቲኩ ግን ሙቀቱን አፈነው። ስንገልጠው ክምሩ ሞቆ ይጨሳል፤ ፍሬው ግማሹ በቅሎ ግማሹ ሻግቷል። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ለቀምን። የለቀምነውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጌ ሞከርኩት፤ አንዱም አልበቀለም። አሰፋ ከዚያ ወዲህ አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አያውቅም። እኔ አልተቀየምኩትም፤ እሱ ግን ያንን ላስቲክ አቃጥሎታል።

በየገበያው ጠየቅሁ፤ ቢሾፍቱ ድረስ ሄድኩ፤ ብዝሀ ሕይወት መሥሪያ ቤቱም የለኝም አለ። ሁሉም የሚያወጡልኝ አዲሱን ነው። "ደቃቄ?" ይሉኛል፤ "እናቴ ትዘራው ነበር።"

እንግዲህ በእኔ እውቀት ዛሬ የቀረው ደቃቄ እናንተ ጋ ያለው ብቻ ነው፦ ሰማይ ላይ ያለውና ፍሪጅ ውስጥ ያለው። የሰማዩን አልጠይቅሽም፤ እዚያ ይብቀል። የፍሪጁን ግን መልሺልኝ።

በታኅሣሥ ያልነገርኩሽ ደስታሽን ላለማበላሸት ነው።

አክስትሽ እናኑ

*

ጨፌ ዶንሳ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩሐማ፤

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የጻፍሽው ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ። የእኔም ደርሶሽ ይሆናል። ሁለታችንም በአንድ ሳምንት አፋችንን ከፍተናል ማለት ነው።

መጀመሪያ ይህን መልሺልኝ፦ የሰዎቹ ስንቅስ? እዚያ ላይ ሆነው መንኮራኩሯን ሲጠብቁ የነበሩት ምን በሉ? ይህን ሳትጽፊ ስለ ምስር ብቻ ጻፍሽ።

ስለ ምስሩ አዝኛለሁ። አልዋሽሽም፤ ወረቀቱን አጥፌ ተኛሁ፣ ከሰው ጋር መነጋገር አልፈለግሁም። ከምስሩ ይልቅ ግን ወሬውን ከሦስት ወር በኋላ መስማቴ ከፋኝ። ልጆቹ በየመንገዱ "በቀለች?" ሲሉኝ "እየበቀለች ነው" እላቸው ነበር። ትናንት ትምህርት ቤት ሄጄ በሰልፍ ላይ ነገርኳቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ "ሌላ እንላክ" አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። የሚላክ እንደሌለኝ አልነገርኳቸውም።

ቴዲ ስለ ጆሮዬ የተናገረውን አነበብኩ። ሰላም በዪልኝ፤ ባል አግኝተሻል።

አክስትሽ እናኑ

*

ሲያትል፣ ቱክዊላ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እናኑ፤

ይህን ደብዳቤ በርዕሰ መምህሩ ቴሌግራም ነው የላክሁት። እርስዎም መልስዎን በዚያው ያስልኩልኝ፤ ጊዜ የለንም።

በቅድሚያ የሰዎቹ ስንቅ። አልተራቡም። ጣቢያው ላይ ለብዙ ወር የሚበቃ ተጠባባቂ ስንቅ አላቸው፤ ከዚያም ሌላ መንኮራኩር ሄዳ በሰላም ደርሳላቸዋለች። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነበር።

የአውድማውን ነገር ያነበብኩ ቀን ቀጥታ ወደ ሚስ ትራን ገባሁ። በነሐሴ በምትወጣው መንኮራኩር ላይ ለሳጥናችን ቦታ ተሰጥቶናል፤ የሚሄደው የፍሪጁ ምስር ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሌላ ቦታ በፍጹም የለም?" አለች።

"አክስቴ ፈልገው አጥተዋል።"

"እኔ እኮ መጀመሪያ ቀን ብዙ ዘር እንዳላቸው ጠይቄሽ ነበር።"

"ያኔ ነበራቸው። ማሳ ላይ ነበር።"

ተነሥታ ፍሪጁን ከፈተች። ምስሩ ያለባትን ጠርሙስ አውጥታ ብርሃን ላይ አየቻት። "ለሁለት ብንከፍለውስ?" አለችኝ።

"ዘሩ አምና የታጨደ ነው። ባለፈው ቼክ ስናደርግ የበቀለው ከፊሉ ብቻ ነው። ሲከፈል ለአክስቴ የሚተርፈው ለማሳ አይሆንም፣ ለድስት ነው።"

"ቦታውን ከለቀቅን ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ወረፋው ረጅም ነው። እኔ ደግሞ የሚሠራ ፕሮጀክት ሳይኖር የሰው ሰዓት መክፈል አልችልም። ይህ አንቺንም ይጨምራል።"

"ኦኬ" አልኳት።

ጠርሙሷን አንዴ አገላበጠች። ከዚያ "የእኔም የአንቺም አይደለም። ባለቤቷን ጠይቂ፤ እሷ ያለችው ይሆናል" ብላ ጠርሙሷን መለሰች።

ስለዚህ ይወስኑ። ወደ ሰማይ ቢሉ በነሐሴ ይሄዳል፤ መንኮራኩሯ ብትደርስ ለዘር ላይመለስ ይችላል፣ ብትጠፋም ያልቃል። ወደ ቤት ቢሉ ሁሉም ይመጣል። ስለ ሥራዬ የጻፍኩት እንዲያውቁት ብቻ ነው፤ እንዲያስቡበት አይደለም።

ልጅዎ ሩሐማ

*

ጨፌ ዶንሳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩሐማ፤

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለአለቃሽም ስላስጠየቀችኝ ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ ሰው ንብረቱን የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም።

ስለ ሥራዬ አያስቡ ብለሽ ብትጽፊም ሳላስብ መቅረት አልቻልኩም። ቀላል ነገር የጠየቅሁሽ አላስመስልም። ትምህርት ቤት ሄጄም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተማከርኩ፤ እሱ ሰማዩን መረጠ፣ ወጣት ነው።

እኔ ግን ወደ ቤት ብያለሁ። ሁሉንም ላኪልኝ። የሰማዩ ሰዎች አንዷ ብትቀርባቸው ሌላ መንኮራኩር ትመጣላቸዋለች። ደቃቄ ግን ከዚህ ሌላ የምትገባበት ቤት የላትም። መሬቱ ታርሷል።

ዘንድሮ ካበቀለልኝ ለእናንተ የሚሆነውን እኔው ፈቃድ አውጥቼ እልካለሁ። ካላበቀለልኝ ግን ጥፋቱ የእኔ ይሁን፤ በአንቺ አላሳብብም።

አክስትሽ እናኑ

*

ሲያትል፣ ስካይዌይ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ እናኑ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። ምስሩንም መስሚያውንም በእጅዎ ያስረከበው በዛብህ ተመልሶ መጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያን አግኝቼው ነበር። "ኤርፖርት ላይ የምስሩን የጤና ወረቀት ሳሳይ ሰዎቹ ጠርሙሱን እየተቀባበሉ አዩት፤ አልማዝ የያዝኩ መሰላቸው" አለኝ። በነሐሴ ሲዘሩም እዚያው ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። በዚያ ጭቃ የገባበት ጫማው አሁንም መኪናው ውስጥ ነው።

የእኔ ነገር እንዲህ ሆነ። ቦታችን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ተሰጠ። ላቡ ሰዓቴን በግማሽ ቀነሰ፤ ቅዳሜና እሑድ ከቴዲ ጋር ኤርፖርት ሻንጣ እጭናለሁ። አይክፋዎ፣ ሶሲ "አሁን ሁለታችሁም ካርጎ ናችሁ" ትለናለች፤ በአማርኛ ነው ያለችው፣ ካርጎ ከምትለው በቀር።

ዩኒቨርሲቲው የማሰናዳቱን ሥራ ለእኛ ላብ ስለሰጠ ሳጥናቸውን ለጉዞ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ሚስ ትራን "ከፈለግሽ ሌላ ሰው ይሥራው" ብላኝ ነበር። እኔ እሠራዋለሁ አልኳት። ውስጡ ቲማቲም ነው። እንዳይጋጭ ስፖንጅ ቆርጬ፣ የጭነት ቦርሳ ውስጥ አስገብቼ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረግሁት። እጄ ላይ ሳለ የሌላ ሰው መሆኑ ትንሽ ቆጨኝ፤ አልክድም።

መንኮራኩሯ በነሐሴ መጨረሻ ወጣች። ክንፎቿ ሊዘረጉ ሲሉ ሁላችንም ከስክሪኑ ፊት ቆመን ነበር። አንዱ ተዘረጋ። ሁለተኛውም ተዘረጋ። በሦስተኛው ቀን ቀስ ብላ ጣቢያው አጠገብ መጥታ ቆመች፤ የብረቱ ክንድ ያዛት። የእኛ ምንም ሳይኖርባት እያለ አለቀስኩ። ሚስ ትራን መሐረብ ሰጥታኝ "ለአክስትሽ ጻፊላት፣ ሰዎቹ ስንቃቸው ደርሷል በያት" አለችኝ።

ደርሷል።

ልጅዎ ሩሐማ

*

ጨፌ ዶንሳ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩሐማ፤

ጥበቃው አይለያችሁ፤ የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ። አለቃሽንም ይባርክልኝ፤ ሃይማኖቷን ባላውቅም።

ከደቃቄ ግማሽ የሚያህለው በቀለ። የበቀለው ግን ጠንካራ ነበር። ዋግ አልነካውም። እኔ ጠዋት ጠዋት ስጎበኘው አሰፋ ደግሞ ማታ ማታ ሲጎበኘው ነበር፤ ተደብቆ ነው፣ እኔ ግን ዱካውን አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አጨድነው። አውድማ ላይ ላለማሳደር አስቤ ነበር፤ ሥራው አላልቅ አለ። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከምሥራቅ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ወደ አውድማው አቀናሁ። አሰፋ ከየት እንደመጣ አላየሁትም። ፊት ለፊቴ ቆሞ "ትምህርት ቤት! ክፍል ይከፈት!" ሲለኝ በዚያ መስሚያ ሰማሁት። ርዕሰ መምህሩ የአራተኛ ክፍልን በር ከፈተ። ከቅዳሴ የወጣው ሰው በነጠላው፣ በጋቢው፣ በማዳበሪያ ከረጢቱ እየተሸከመ አገባልኝ። ወንበሮቹን ደርድረን ምስሩን ወለሉ ላይ አሰጣነው። የመጨረሻው ሸክም ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። መስሚያውን አወለቅሁት፣ አይቻልም ነበር። ልጆቹ ሰኞን ውጭ ተማሩ።

ዛሬ ወቅተን ጨረስን። ብዙ አይደለም። የአንቺን ለይቻለሁ፤ ከልደት በኋላ ለፈቃዱ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የቀረውን ግን ብቻዬን አላኖረውም። እኔ ብቻ ስይዘው አንድ ዝናብ ይበቃው ነበር። ተሸክመው ላገቡልኝ ለየቤቱ ለዘር ሰጠሁ፤ ትምህርት ቤቱም ለአጥር ጥጉ ወስዷል።

አሰፋ የመጣው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። አንድ እፍኝ ዘረጋሁለት። በጣቱ ገለጥ ገለጥ እያደረገ አያት።

"ምርቷ ትንሽ ነው" አለ።

"ትንሽ ነው" አልኩት።

ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ቋጠራት።

አክስትሽ እናኑ